ሆዴን እያለ የሚመጣ ጭንቀት

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ሰበታን አልፎ ጥቂት እንደተጓዘ ተራራው ይርቃል፣ ምድሩ ይዘረጋል። ተፍኪ ያለችው እዚያ ነው፤ ከዋና ከተማዋ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በበቾ ሜዳ ላይ። በክረምት አዋሽ ሲሞላ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል፤ ጥቁሩ አፈር ጫማ ይዞ ያስቀራል። ክረምቱ ሲወጣ ጤፉ ያረንጓድዳል፤ ሽምብራና ጓያም በቀሪው እርጥበት ይዘራሉ። ትምህርት ቤት የሚከፈተውም ያኔ ነው።

ሰኞ ማለዳ ነው እንበል። የ9ኛ ክፍሏ ልጅ ደብተሯን ታቅፋ ደጃፍ ላይ ቆማለች፤ አትወጣም።

«ምን ሆንሽብኝ የኔ እናት?»

«ሆዴን።»

እናት ጤና አዳም በሻይ ታፈላላታለች። ረፋዱ ላይ ሻል ይላታል። ማክሰኞ ጧት ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ደህና ናት፤ ውኃ ትቀዳለች፣ ትስቃለች። ጤና ጣቢያ ስትወሰድ «ጨጓራ ነው» ተብላ ኪኒን ይዛ ትመለሳለች። ኪኒኑ ያልቃል፤ ሰኞም ይመጣል።

ልጅቷ ለምሳሌ የተሳለች ናት፤ ሕመሟ ግን በሐኪሞች ዘንድ በደንብ ይታወቃል። በታዳጊዎች ላይ የበረታ ጭንቀት ብዙ ጊዜ በራሱ ስም አይመጣም። ሆድ ቁርጠት፣ ራስ ምታት፣ የልብ ድው ድው፣ የመዳፍ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት ሆኖ ነው የሚመጣው። ገጠር ሲደርስ ደግሞ ሌሎች ስሞች ይጠብቁታል። ሰው ፊት መናገር የምትፈራዋ ልጅ «ጨዋ» ትባላለች፤ አንገቷን በመድፋቷ ትመሰገናለች። በፍርሃት ከክፍል የሚቀረው ወንድ ልጅ «ሰነፍ» ይባላል፤ ይገረፋል። ፈተና ላይ ሲቀመጥ ያጠናው ሁሉ የሚጠፋበት ተማሪ «ዓይነ ጥላ አለበት» ይባልና አዋቂ ቤት ይወሰዳል። ምስጋናውም ዱላውም ልጆቹን ከእርዳታ ያርቋቸዋል።

ቃል ጠፍቶ አይደለም። የተፍኪ አካባቢ ሕዝብ በብዛት የሚናገረው ኦሮምኛ ለስጋትና ለሐሳብ «ያዶ» የሚል ቃል አለው፤ አማርኛም «ጭንቀት» ይላል። ሁለቱም ቃላት ግን ለአዋቂ የተመደቡ ይመስላሉ። የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ገበሬ ይጨነቃል፤ ልጇ ዐረብ ሀገር ሄዳ ድምፅዋ የጠፋባት እናት ትጨነቃለች። የ15 ዓመት ልጅ ተጨነቀ ሲባል ግን መልሱ «ምን ጎድሎበት?» ነው።

ልብ ለምን ይመታል?

ከብት ሲያግድ አምሽቶ ጅብ የገጠመው ልጅ ሰውነቱ ምን እንደሚሆን ያውቀዋል። አንጎል አደጋ መኖሩን ሲረዳ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቅቃሉ። ልብ ይፈጥናል። ደም ወደ እግርና ክንድ ጡንቻ ይሮጣል። የአንጀትና የጨጓራ ሥራ ስለሚስተጓጎል ሆድ ይቆርጣል፣ ያቅለሸልሻል። ትንፋሽ ሲፈጥን ጣት ይደነዝዛል፣ ራስ ይዞራል። ይህ ሁሉ ልጁ እንዲሮጥ ወይም እንዲታገል የተሰናዳ ነው። ጅቡ ሲሄድ ሰውነትም ይረጋጋል።

በጭንቀት በተያዘው ታዳጊ ዘንድ ይኸው ዝግጅት የሚነሣው ጅብ በሌለበት ነው። መምህሩ «ተነሥተሽ አንብቢ» ሲል ይነሣል፤ የፈተና ወረቀት ሲታደል ይነሣል፤ አንዳንዴም ያለ አንዳች ምክንያት ሌሊት ከእንቅልፍ ያባንናል። ልጅቷ «ሆዴን» ስትል ታዲያ እየዋሸች አይደለም፤ ቁርጠቱ የምር ቁርጠት ነው። ጨጓራዋ ቢመረመር ግን ቁስል ላይገኝበት ይችላል።

መፍራት በራሱ በሽታ አይደለም። ለፈተና መጠነኛ ስጋት ያደረበት ተማሪ ደብተሩን ይገልጣል። ችግር የሚሆነው ፍርሃቱ ለሳምንታት ሲዘልቅ፣ ከምክንያቱ በላይ ሲገዝፍ፣ ልጁን ከትምህርት፣ ከጨዋታና ከእንቅልፍ ሲያስቀር ነው። አንድ ወጥመድም አለው። ሰኞ ከትምህርት ቤት የቀረችው ልጅ ወዲያው ይቀልላታል። አንጎሏ ከዚህ የሚማረው «የዳንኩት ስለቀረሁ ነው» የሚለውን ነው። ማክሰኞ መውጣት ከሰኞ ይከብዳል፣ ረቡዕ ከማክሰኞ። በዚህ አኳኋን ወር ሲሞላ «ትምህርት ጠላች» ተብላ ቤት የምትቀር ልጅ አለች።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆነ ታዳጊዎች ከሰባት አንዱ የአእምሮ ጤና እክል አለበት። ከ100 ታዳጊዎች ከአራት እስከ አምስት የሚሆኑት የጭንቀት ሕመም ይዟቸዋል። ከጉርምስና በኋላ በሴቶች ልጆች ላይ የሚታየው በወንዶች ላይ ከሚታየው እጥፍ ይጠጋል። የአእምሮ ሕመሞችን በጥቅሉ ካየን ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት ሰው 18 ዓመት ሳይሞላው ነው።

አለም ገና ላይ የሚከፈለው መንገድ

ከሰበታ በፊት፣ አለም ገና ላይ፣ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ተፍኪና ጅማ ይቀጥላል። ሌላው በመልካ ቁንጡሬና በጢያ በኩል ወደ ቡታጅራ ይወርዳል። ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ሰው ጭንቀት በጥናት ከታወቀው ብዙው የተገኘው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ዳር ነው።

በቡታጅራ ዙሪያ ያለውን የገጠር ሕዝብ ጤና ቤት ለቤት መከታተል የተጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት የአእምሮ ሐኪሙ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ስለ እንቅልፋቸው፣ ስለ ምግብ ፍላጎታቸው፣ ስለ ፍርሃታቸውና ስለ ድካማቸው ጠየቁ። ከ100 ሰዎች 17 ያህሉ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት ታየባቸው። በዚያው ዘመን በአምቦ አካባቢ ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ተጠይቀው ነበር፤ በ1991 ዓ.ም. የወጣው ውጤት ከ100 ልጆች ወደ 18 በሚጠጉት ላይ የባሕርይ ወይም የስሜት ችግር ምልክት መኖሩን አሳየ። ከተሜው «ገጠር ሰላም ነው፣ ሐሳብ የለም» የሚለው ነገር በእነዚህ ቁጥሮች ፊት አይቆምም።

ወጣቶችን በተመለከተ ቅርብ ጊዜ የተገኘ መረጃም አለ። «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ 3,000 ያህል ልጆችን በ20 ቦታዎች እየተከታተለ ቆይቷል። የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ልጆቹ 19 እና 26 ዓመት ሆኗቸው ነበር። በ2012 መጨረሻና በ2013 መጀመሪያ በስልክ ሲጠየቁ ከ100ው 18 ያህሉ ቢያንስ ቀላል የጭንቀት ምልክት ነበራቸው። ተመሳሳይ ጥያቄ ከቀረበላቸው ወጣቶች ምልክቱ የታየባቸው በፔሩ 41 ከመቶ፣ በቬትናም ደግሞ 9 ከመቶ ነበሩ። ሰፊው ልዩነት የሚጠቁመው ጭንቀት ከሰው ተፈጥሮ ብቻ ሳይሆን ከኑሮውም እንደሚመነጭ ነው።

ፈተና፣ መሬት፣ የኪራይ ቤት

በተፍኪ ዙሪያ ላለ ልጅ ኑሮው ምን ይመስላል? ከ9ኛ ክፍል እንጀምር። በኦሮሚያ ትምህርት እስከ 8ኛ ክፍል የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ 9ኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም እንግሊዝኛ ይሆናል። በክፍሉ ጎበዝ የነበረው ልጅ በአንድ ክረምት ልዩነት ዝምተኛ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ከቀበሌው ስለሚርቅ፣ ልጆች ከተማ ውስጥ ለሁለት ለሦስት ሆነው ቤት ይከራያሉ። እሑድ ማታ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመጣሉ፤ ሐሙስ ሲደርስ ስንቁ ያልቃል። አባት እናት የለም፤ ወጡን የሚሠሩት፣ ኪራዩን የሚያስቡት ራሳቸው ናቸው። ለሴቶቹ ደግሞ በሩ በሌሊት በደንብ መዘጋቱ ራሱን የቻለ ሐሳብ ነው።

ከዚያ በላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ሲሰጥ፣ ከቤቱ ውጭ አድሮ የማያውቅ የገጠር ልጅ በአውቶቡስ ተጭኖ፣ በፖሊስ ተፈትሾ፣ ባልለመደው አልጋ ተኝቶ ይፈተን ጀመር። ዓላማው ኩረጃን ማስቀረት ነበር። ውጤቱ ሲወጣ ግን አገር ደነገጠ፤ ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ፈተና፣ በ2015 የትምህርት ዘመን፣ ከተፈተኑት 845,099 ተማሪዎች ያለፉት 27,267 ናቸው፤ 3.2 ከመቶ። በ1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላለፈም። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ከፍ እያለ በ2017 ወደ 8.4 ከመቶ ደርሷል። ቢሆንም ባለፈው ዓመት አንድም ሰው ያላለፈበት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ልቡ ቢመታ፣ አንጎሉ ተሳሳተ ማለት ያስቸግራል።

ድሮ የወደቀ ልጅ ሞፈር ይይዝ ነበር። አሁን የአባትየው መሬት ለአራት ወንድማማች ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው የጓሮ ያህል ነው። በሰበታ በኩል ፋብሪካው፣ የአበባ እርሻውና የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ከመጡ ቆይተዋል። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎች በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። በዚያው ዓመት በከተማዋ ቤቶች ሲፈርሱ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ ሥጋቱን ገልጿል። ስለ ካሳ፣ ስለ ድንበርና ስለ ማፍረስ አዋቂዎች ማታ ማታ ሲያወሩ ልጆች ተኝተው አይደለም፤ ይሰማሉ። ለወንዱ ልጅ ጥያቄው «ነጥብ ካላመጣሁ ወዴት ነኝ?» ነው። መልስ ያጣለት ጎረምሳ ጫት ቤትና አረቄ ቤት ሲያዘወትር «ባለገ» ይባላል፤ ፍርሃቱን እያደነዘዘ መሆኑን ያሰበ ጥቂት ነው።

ለሴት ልጅ ደግሞ ከፈተናው ጀርባ ጋብቻ ይጠብቃታል። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ግን ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 40 ከመቶው 18 ሳይሞላቸው የተዳሩ ናቸው። ብትወድቅ ትዳራለች፤ ወይ የአጎቷ ልጅ እንደሄደችው ዐረብ ሀገር ትሄዳለች። ደጃፍ ላይ «ሆዴን» ያለችው ልጅ ይህን ሁሉ ሆዷ ውስጥ ይዛው ሊሆን ይችላል።

ከገፈርሳ እስከ ጤና ኬላ

የአእምሮ ሕክምና ሲነሣ የአካባቢው ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሁለት ስም ነው፤ አማኑኤልና ገፈርሳ። አማኑኤል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ፣ ለአሥርት ዓመታት የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የኖረ ነው። ገፈርሳ ቡራዩ አጠገብ ያለው የማገገሚያ ማዕከል ነው። በሰው አፍ ሁለቱም ከእብደት ጋር ስለተጣበቁ፣ ሆዷን ለሚቆርጣት ልጅ «የአእምሮ ሐኪም ይያት» ማለት ለወላጅ ስድብ ይመስላል። «ማን ያገባታል?» የሚለው ሐሳብም ይከተላል። ሐኪሙም ቢሆን ብዙ አይደለም፤ የአእምሮ ስፔሻሊስቶችን በሀገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ገና በ1995 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለልጆችና ለታዳጊዎች ተለይቶ የተከፈተ ክፍል ለማግኘት የካቲት 12ን ወደመሰለ የአዲስ አበባ ሆስፒታል መሄድ ይጠይቃል።

ለአብዛኞቹ የተጨነቁ ታዳጊዎች ግን የሚያስፈልገው ገፈርሳ አይደለም። በቡታጅራው መንገድ ላይ ባለችው በሶዶ ወረዳ የተሠራ ሥራ ይህን ይጠቁማል። ከ2003 ዓ.ም. በኋላ «ፕራይም» በተባለ ፕሮግራም የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሥልጠና ወስደው ከባድ የአእምሮ ሕመምን፣ ድብርትንና የሚጥል በሽታን እዚያው በወረዳቸው ማከም ጀመሩ። የታዳጊዎች ጭንቀት የፕሮግራሙ ዋና ጉዳይ አልነበረም። ሆኖም የአእምሮ ሕክምና ከአዲስ አበባ ወጥቶ ገጠር ጤና ጣቢያ ድረስ መውረድ እንደሚችል በተግባር ታይቷል። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደግሞ የእያንዳንዱን ቤት ደጅ ያውቃሉ።

ጎረቤት ኬንያ አንድ እርምጃ ቀድማለች። «ሻሚሪ» የተባለው ፕሮግራም ለተማሪዎች አማካሪ አድርጎ የሚያሰማራው ሁለተኛ ደረጃን በቅርቡ የጨረሱ፣ አጭር ሥልጠና የተሰጣቸውን ወጣቶች ነው። ተማሪዎች በቡድን ሆነው በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ለአራት ሳምንት ብቻ ይገናኛሉ፤ ሰው መለወጥ ስለመቻሉ፣ ስለሚያመሰግኑበት ነገርና ለእነሱ ዋጋ ስላለው ጉዳይ ይወያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው፣ 413 ተማሪዎች የተሳተፉበት ሙከራ የድብርትና የጭንቀት ምልክቶች መቀነሳቸውን አሳይቷል። ዚምባብዌ ውስጥም ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ የሠፈር አያቶችን አሠልጥነው ከክሊኒክ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠዋል፤ የተጨነቀ ሰው ሄዶ አጠገባቸው ይቀመጣል። ሁለቱም የተነሡት የአእምሮ ሐኪም በጣም ጥቂት ከሆነበት ነው። ተፍኪም የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትነው ሥራ የሚጠብቁ ወጣቶች፣ ቡና አፍልተው ጎረቤት የሚሰበስቡ እናቶች አሏት።

የጭንቀት ሕክምና መጀመሪያው ኪኒን ሳይሆን ንግግርና ልምምድ ነው። በቅድሚያ ልጁ ሰውነቱ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ይነገረዋል፤ ልቡ በሽተኛ አለመሆኑን ማወቁ ብቻ ግማሹን ሸክም ያወርዳል። ቀጥሎ ቀስ ብሎ መተንፈስ ይለማመዳል፤ አየር በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ማውጣት፣ ለጥቂት ደቂቃ። ከዚያ የሚፈራውን ነገር በጥቂት በጥቂቱ ይጋፈጠዋል። ማንበብ የምትፈራው ልጅ መጀመሪያ ለጓደኛዋ ታነባለች፤ በሌላ ሳምንት ለሦስት ጓደኞቿ፤ ቀጥሎ መምህሩ በተቀመጠችበት አንድ ዐረፍተ ነገር ያስነብባታል፤ መጨረሻ ላይ ቆማ ታነባለች። አንዱን ደረጃ ሳትለምድ ወደ ሌላው አትገፋም፤ ቤት ቅሪም አትባልም። ጅራፍ ይህን መንገድ ይዘጋዋል፤ የሚፈራው ነገር ላይ ሌላ የሚፈራ ነገር ይጨምርበታልና። ጸበል የሚሄድ ሄዶ፣ ጸሎት የሚያደርግ አድርጎ፣ ጤና ጣቢያውን ግን አይተው።

አንዳንድ ምልክት ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ልጁ መሞትን ካነሣ፣ የሚወደውን ዕቃ ለሰው ማደል ከጀመረ፣ ራሱን ከጎዳ፣ ለብቻው አይተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ለሽምብራው የተገዛው የተባይ መድኃኒትም ከአልጋ ሥር ወጥቶ ቁልፍ ይግባበት።

ከዚያ ውጭ ያለው የወላጅ ሥራ ከባድ አይደለም። ሆድ ቁርጠቱ ወይም ራስ ምታቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ የሚመጣበትን ቀንና ሰዓት ልብ ይበሉ። ሰኞ መጥቶ ቅዳሜ የሚሄድ ከሆነ፣ ፈተና ሲቃረብ የሚብስ ከሆነ፣ ልጅዎን ለብቻዋ፣ ከብት ሲያስገቡ ወይም ሽሮ ሲያማስሉ፣ «ትምህርት ቤት ምን ያስፈራሻል?» ብለው ይጠይቋት፤ ወንድ ልጅዎንም እንዲሁ። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ደግሞ «ጨጓራዋን ነው» ብለው አይጀምሩ። ሕመሙ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ፣ በየትኛው ቀን እንደሚመጣና በየትኛው ቀን እንደሚተዋት ለነርሷ ይንገሩ።